ጠባብ አፈሙዝ፣ ሰፊ ሜዳ፦ የግሪነርን «ጠመንጃና ዕድገቱ» በጀልዴሳ ዓይን ማንበብ

ስለ ጠመንጃ ከተጻፉ መጻሕፍት መካከል መቶ ዓመት ተሻግሮ ዛሬም ከመደርደሪያ የሚወርድ ጥቂት ነው። የበርሚንግሃሙ ጠመንጃ ሠሪ ዊልያም ዌሊንግተን ግሪነር በ1881 ያሳተመው «ጠመንጃና ዕድገቱ» ከእነዚያ ጥቂቶች አንዱ ነው። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ያልተባለባቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ደራሲው በሕይወት ሳለ ደጋግሞ አሻሽሎታል፤ ዘጠነኛው እትም የወጣው በ1910 ነው። መጽሐፉ ከቀስት ይነሣል፤ በክርና በባልጩት እሳት የሚተኮሱትን አልፎ እስከ ጭስ አልባው ባሩድ ይዘልቃል። እኔ የምመዝነው ሙሉውን አይደለም። ስለ አደን ጠመንጃ የአፈሙዝ ጥበት፣ ማለትም ስለ ቾክ፣ እንዲሁም የእርሳስ ፍሬው ከአፈሙዝ ከወጣ በኋላ ስለሚሠራው ብትን የጻፈባቸውን ክፍሎች ነው። የግሪነር ትልቅነትም ጉድለቱም እዚያ ተገናኝተው ይገኛሉ።

መጽሐፉን የማይበት ሜዳ ጀልዴሳ ነው። ከድሬዳዋ በስተሰሜን ምሥራቅ የምትገኘው ይህች ቆላ በ19ኛው መቶ ዘመን የዘይላና የሐረር የነጋዴ መንገድ በር ነበረች። ከባሕር ጠረፍ የመጣው የግመል ጭነት እዚያ ይራገፍና ወደ ሐረር ዳገት በአህያና በበቅሎ ይወጣ ነበር። ቀረጥ የሚከፈልባት ኬላም ነበረች። በ1886 የጣልያኑ የኮንት ፖሮ ጓድ ከጀልዴሳ አጠገብ፣ አርቱ በተባለ ስፍራ አለቀ፤ በ1887 መባቻ ጨለንቆ ላይ ጦርነት ሆነና ምኒልክ ሐረርን ያዙ። በ1897 ወደ አዲስ አበባ የተላከው የእንግሊዙ የሬኔል ሮድ መልእክተኛ ጓድ በዚሁ መንገድ አልፏል። በ1900 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ጀርመናዊዎቹ የተፈጥሮ ተመራማሪዎች ካርሎ ፎን ኤርላንገርና ኦስካር ኖይማን ከዘይላ ተነሥተው በጀልዴሳ በኩል ወደ ሐረር ወጡ። በ1902 መጨረሻ የባቡሩ ሐዲድ ድሬዳዋ ሲደርስ የጀልዴሳ መንገድ ጭር አለ።

ዓመታቱን የደረደርሁት ለጌጥ አይደለም። ጀልዴሳ የመሣሪያና የመንገደኛ በር ሆና የቆየችበት ዘመን፣ ቾክ ከጥቂት ሠሪዎች ምስጢር ወጥቶ የዓለም ልማድ የሆነበት ዘመን ነው። የራኡፍ ፓሻ የግብፅ ጦር ከዘይላ ገስግሦ ሐረርን በያዘበት በ1875፣ ለንደን ላይ ጠባቡና ያልጠበበው በርሜል ፊት ለፊት ተፈተኑ። የታሪክ ጸሐፊዎቻችን በምሥራቁ በር የገባውን የጦር ጠመንጃ፣ ሬሚንግተኑንና ውጅግራውን፣ በደንብ ተከታትለውታል፤ የሚገባም ነው። ባለ ሁለት አፉ የአደን ጠመንጃ ግን የመንገደኛ የራት መሣሪያ ሆኖ በታሪኩ ጠርዝ ቀርቷል። ጅግራና ቆቅ የሚጥል መሣሪያ መንግሥት አይጥልምና ቸል መባሉ አያስገርምም። ሆኖም አሮጌ የአደን ጠመንጃ በእጁ ያለ ሰው ስለዚያ በርሜል ማወቅ ያለበት ብዙ ነገር አለ፤ ግሪነር የሚነበበውም ለዚህ ነው።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ መሠረቱን ላስቀድም። የአደን ጠመንጃ በርሜል ውስጡ ልሙጥ ነው፤ እንደ ጦር ጠመንጃ ጥይቱን የሚያሾር ጠመዝማዛ ቦይ የለውም። ከካርቱሹ የሚወጣው በመቶዎች የሚቆጠር የእርሳስ ፍሬ ነው። 12 ቁጥር የሚባለው ጠመንጃ ይህን ስም ያገኘው ለበርሜሉ ልክ የሆኑ 12 የእርሳስ ድቡልቡሎች አንድ ፓውንድ ስለሚመዝኑ ነው፤ ስፋቱ በሚሊሜትር 18.5 ገደማ ይሆናል። ቾክ ማለት ይህ ስፋት በአፈሙዙ የመጨረሻ ጥቂት ሴንቲሜትሮች ላይ መጥበቡ ነው። ሙሉ ቾክ የሚባለው ጥበት አንድ ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። ዓይን አይለየውም፤ ፍሬው ግን ይለየዋል። ዳር ዳሩን የሚጓዙት ፍሬዎች በጠባቡ ሲያልፉ ወደ መሃል ይገፋሉ፤ ስለዚህ ከወጡ በኋላ ቶሎ አይበታተኑም።

የብትኑ መለኪያ በእንግሊዝ ልማድ የታወቀ ነው፦ በ40 ያርድ፣ ማለትም ከ36 ሜትር ተኩል ትንሽ በሚበልጥ ርቀት ላይ፣ ዲያሜትሩ 30 ኢንች (76 ሴንቲሜትር) በሆነ ክብ ውስጥ ከፍሬው ስንት እጁ አረፈ? ያልጠበበ በርሜል፣ ሲሊንደር የሚሉት፣ 40 ከመቶ ያህል ያሳርፋል። ግማሽ ቾክ 60፣ ሙሉ ቾክ 70 ከመቶ። 32 ግራም የእንግሊዝ 6 ቁጥር እርሳስ 304 ፍሬ ያህል ነው። እንግዲህ ከሲሊንደሩ 122፣ ከሙሉ ቾኩ 213 ፍሬ ክቡ ውስጥ ይገባል። በክቡ ስፋት ብናካፍለው ሲሊንደሩ ለእያንዳንዱ 37 ካሬ ሴንቲሜትር አንድ ፍሬ፣ ሙሉ ቾኩ ለ21 ካሬ ሴንቲሜትር አንድ ፍሬ ይሰጣል። በዚያ ርቀት ያለች ቆቅ ሳስቶ ከደረሰው ብትን አንድ ሁለት ፍሬ በሥጋዋ ይዛ በርራ ቁጥቋጦ ውስጥ ልትሞት ትችላለች። የአደን ጠመንጃ ጉዳይ በመጨረሻ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው፤ ፍሬው ወይ ወዲያው መግደል አለበት፣ ወይ ጨርሶ መሳት አለበት። በመካከል ያለው ሥቃይ ነው።

ግሪነር ስለ ቾክ አመጣጥ የጻፈውን ሳነብ ያከበርሁት ስለ ቅንነቱ ነው። ብዙ ሰው የቾክ ፈልሳፊ እሱ ይመስለዋል፤ እሱ ግን አላለም። ሐሳቡ መጀመሪያ የደረሰው በ1874 መጀመሪያ አንድ ደንበኛ በሰጠው ትእዛዝ እንደሆነ በግልጽ ይነግረናል። ደንበኛው በርሜሉ አፈሙዙ ላይ እንዲጠብ ጠየቀ እንጂ ስንት ይጥበብ፣ ቅርጹ ምን ይሁን፣ በምን መሣሪያ ይሠራ አላለም። ግሪነር ለየቁጥሩ ትክክለኛውን ልክና ቅርጽ እስኪያገኝ ደጋግሞ ሞከረ፤ ከዚያም ያን ቅርጽ ሳይፋለስና ሳይሻክር የሚቦረቡር መሣሪያ ሠራ። ከእሱ በፊት የኒውካስሉ ዊልያም ሮቸስተር ፔፕ በ1866 የፈጠራ መብት ሰነዱ ላይ የአፈሙዝ ጥበትን ጠቅሶ ነበር፤ በአሜሪካም ሲልቬስተር ሮፐር በ1868 አፈሙዝ ላይ የሚገጠም ቾክ አስመዝግቧል። የግሪነር ድርሻ ነገሩን ከአጋጣሚ አውጥቶ በፈለጉ ቁጥር የሚደገም ሥራ ማድረጉ ነው። ለእኔ ይህ ከፈልሳፊነት አያንስም።

በታኅሣሥ 1874 «ዘ ፊልድ» የተባለው የለንደን ጋዜጣ አዘጋጅ ጆን ሄንሪ ዋልሽ ስለ ግሪነር ጠመንጃ ያልተለመደ አተኳኮስ ጻፈ። በተከታዩ እትም የግሪነር ማስታወቂያ ወጣ፦ 12 ቁጥር ጠመንጃዎቼ በአማካይ 210 ፍሬ ክቡ ውስጥ ያገባሉ ይላል። በ1866ቱ የለንደን ፈተና የተሻለው 12 ቁጥር በአማካይ ያገባው 127 ነበር። ገበያው ተናወጠ፤ ውሸት ነው ያለው ብዙ ነው። ጋዜጣው ክርክሩን ለመቁረጥ በ1875 ፈተና አዘጋጀ፤ መድረኩ በአራት ክፍል ተከፈለ፤ የግሪነር ጠመንጃዎችም በሦስቱ አሸነፉ። የቀረው አንዱ ክፍል ያልጠበቡት በርሜሎች ብቻ የተወዳደሩበት ነው። በ1877ና በ1879ም ድሉ ተደገመ።

ይህን ታሪክ ግሪነር የሚነግረው ድሉን ለማወደስ ብቻ ቢሆን ኖሮ መጽሐፉ የነጋዴ ወረቀት ሆኖ ይቀር ነበር። ዋጋው አሠራሩን ማሳየቱ ላይ ነው። ሰሌዳ ይቆማል፤ ርቀቱ በገመድ ይለካል፤ ባሩዱና እርሳሱ ይመዘናል፤ ተደጋግሞ ይተኮሳል፤ እያንዳንዱ ፍሬ ይቆጠራል፤ አማካይ ይወጣል። የመሥረጽ ኃይሉም እንዲሁ በተደራረበ የወረቀት ትራስ ይለካል፤ ስንት ወረቀት በሳ ተብሎ። የአደን ወግ በየትኛውም አገር ፉከራ ይወዳል። እገሌ በመቶ እርምጃ ጅግራ ጣለ ይባላል፤ ስንቱን አቁስሎ እንደሰደደ ግን አይነገርም። ግሪነር በዚህ ሁሉ ፊት አንድ ነጭ ሰሌዳ አቆመና ቁጠሩ አለ። ከዚያ ወዲህ ስለ አንድ በርሜል «ርቆ ይመታል» ማለት ብቻውን አልበቃም። ስለ ጠመንጃ በሚጽፍ ሰው ዘንድ ከዚህ የበለጠ ውለታ አላውቅም።

እዚህ ላይ ግን ከመጽሐፉ ጋር እለያያለሁ። ሰሌዳው ዳኛ ከሆነ በኋላ ቁጥሩ ራሱ ግብ ሆነ። ግሪነር አንደኛውን በርሜል ለቀቅ፣ ሁለተኛውን ጠበቅ አድርጎ መቦርቦር እንደሚቻል ያውቃል፤ በየአደኑ ዓይነት የሚስማማውም እንደሚለያይ ይናገራል። ነገር ግን ገጾቹ የሚሟሟቁት፣ ብዕሩ የሚፈጥነው፣ ጥበቱ ሲጠነክርና ቁጥሩ ሲያድግ ነው። አንባቢው መጽሐፉን ሲዘጋ ጠባብ አፈሙዝ የተሻለ አፈሙዝ ነው ብሎ ቢነሣ አይፈረድበትም። በእንግሊዝ በተደራጀ አደን፣ ወፎቹ በአሳዳጅ ተነድተው ከፍ ብለው በሚያልፉበት ቦታ እንኳ ይህ ሐሳብ ሙሉ በሙሉ አይሠራም። ጀልዴሳ ላይማ ጨርሶ ይፈርሳል።

ሜዳውን እንመልከተው። ግራርና እሾሃማ ቁጥቋጦ፣ በመካከሉ የሚሄድ የአሸዋ ወንዝ፣ ዝናብ ሲመጣ የሚጎርፍ፣ ሌላ ጊዜ ደረቅ። ጅግራ እዚያ ቶሎ አትነሣም፤ መጀመሪያ በእግሯ ትሮጣለች፤ የምትበርረው ሲጠጓት ነው። ቆቅ ቁጥቋጦ ሥር ተደብቃ ቆይታ ከእግር ሥር ትፈነዳለች። እንሹ ከጥላዋ የምትወጣው በአሥርና በሃያ እርምጃ ነው። የአሸዋ ቆቆች ውኃ ለመጠጣት በመንጋ ሲመጡ ፈጥነው ዝቅ ብለው ያልፋሉ። ከእነዚህ አብዛኞቹ ተኩስ የሚፈልጉት በ15ና በ25 ሜትር መካከል ነው። አሁን ሌላውን ሰንጠረዥ እናምጣ፦ በ20 ያርድ ላይ የሙሉ ቾክ ብትን ስፋቱ 40 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ የሲሊንደሩ 80 ሴንቲሜትር። በ40 ያርድ ደግሞ ሙሉ ቾኩ አንድ ሜትር፣ ሲሊንደሩ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይሰፋል። ስለዚህ በጀልዴሳ ቁጥቋጦ መካከል ሙሉ ቾክ የያዘ አዳኝ ሁለት ዕድል አለው፦ በዚያች ጠባብ ክብ መሳት፣ ወይም ወፏን ለድስት የማትሆን አድርጎ መፍጨት። ከ1874 በፊት የተቦረቦረው፣ የግሪነር ሰሌዳ ያዋረደው አሮጌ ሲሊንደር በርሜል እዚህ የተሻለ መሣሪያ ነው።

ይህን ክርክር የሚያጠነክረው የኤርላንገርና የኖይማን ጉዞ ነው። ኤርላንገር በዚያ ጉዞ በሺዎች የሚቆጠሩ ወፎች ሰብስቧል፤ ስብስቡ ዛሬ በፍራንክፈርት ሴንከንበርግ ሙዚየም ይገኛል። ከአገራችን ወፎች አንዱ፣ ኖይማን በ1906 በሳይንስ ስም ያስመዘገበው ትንሽ የመስክ ወፍ፣ የኤርላንገርን ስም ይዟል። እንዲህ ያለ ሰብሳቢ የሚፈልገው ቆዳው ያልተቀደደ፣ ላባው ያልረገፈ፣ ምንቃሩ ያልተሰበረ ወፍ ነው። ለእሱ ጥሩ ተኩስ ማለት ድቅቅ ፍሬ፣ ጥቂት ባሩድ፣ ቅርብ ርቀትና ለስላሳ ብትን ነው። ክቡ ውስጥ 210 ፍሬ ማሳረፍ ለሙዚየም ወፍ ጥፋት ነው። ስለ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ወፎች ያለን እውቀት ትልቁ ክፍል የመጣው በአደን ጠመንጃ በተሰበሰቡ ናሙናዎች ነው፤ የ40 ያርዱ ሰሌዳ ግን ስለዚህ ሥራ የሚናገረው ነገር የለም። መሣሪያ የሚመዘነው በታሰበለት ሥራ ከሆነ አንድ ሰሌዳ ለሁሉም ሊፈርድ አይችልም።

ሰሌዳው ሌላም ነገር ይሰውራል። ፍሬዎቹ ሰሌዳው ላይ ሲያርፉ ሁሉም በአንድ ጊዜ የደረሱ ይመስላሉ። በእርግጥ ግን ግንባር ቀደሞቹና ኋላ ቀሮቹ በመንገድ ተለያይተው፣ አየር ላይ ረጅም ሰልፍ ሠርተው ነው የሚሄዱት። በ1887 ግሪፊዝ የተባለው የባሩድ ባለሙያ በሚሽከረከር ሰሌዳ ላይ ተኩሶ ይህን ሰልፍ አሳየ። በኋላም ሻለቃ ሰር ጄራልድ ቡራርድ በ1931 መታተም በጀመረው «ዘመናዊው የአደን ጠመንጃ» ላይ ጉዳዩን በሰፊው መርምሮ ብዙ ይታመን የነበረ ነገርን አጠራ። ቡራርድን ካነበቡ በኋላ ወደ ግሪነር መመለስ ጥሩ ነው፤ የመጀመሪያው መለኪያ የቱ ጋ እንደቆመ በግልጽ ይታያል። ግሪነርን በዚህ አልወቅሰውም፤ በእጁ የነበረውን መሣሪያ እስከ ጫፉ ተጠቅሞበታል።

ሌላው ጉዳይ ቀላል አይደለም፤ ሕይወት ይነካል። በእንግሊዝ አገር መሣሪያ መፈተሻ ቤቶች ከ1875 እስከ 1887 በቾክ በርሜሎች ላይ «ለድቡልቡል ጥይት አይሆንም» የሚል ምልክት ይመቱ ነበር፤ ከ1887 ወዲህ ምልክቱ «ቾክ» በሚል ቃል ተተካ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ለሰፊው በርሜል ልክ የተሠራ የእርሳስ ድቡልቡል ጠባቡ አፈሙዝ ላይ ሲደርስ ይነክሳል፤ በርሜሉ ሊያብጥ ወይም ሊፈነዳ ይችላል። ለእንግሊዝ የጨዋ አዳኝ ይህ ትንሽ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ለአንበሳና ለነብር ሌላ ጠመንጃ አለውና። አንድ መሣሪያ ብቻ ይዞ በዘይላ መንገድ ለሚጓዝ ሰው ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ በአንደኛው አፍ ለጅግራ ፍሬ፣ በሁለተኛው አፍ ለሌሊቱ አውሬ ድቡልቡል ጥይት መጉረስ ይፈልጋል። ጠባቡ አፈሙዝ ይህን ነፃነት ወሰደበት። መልሱን ያመጣው ጆርጅ ቪንሰንት ፎስበሪ ነው፤ በ1885 ባስመዘገበው ፈጠራ በአፈሙዙ የመጨረሻ ክፍል ብቻ ጠመዝማዛ ቦይ አስገባ፤ ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ «ፓራዶክስ» ብሎ ሸጠው። ፍሬም ጥይትም በደንብ የሚተኩስ በመሆኑ በአፍሪካና በእስያ መንገደኞች ዘንድ ተወደደ። የቾክን ታሪክ በአፍሪካ ዓይን የሚጽፍ ሰው ምዕራፉን ከዚህ ቢጀምር ያምርለታል፤ ግሪነር የጻፈው ከበርሚንግሃም ነው።

መጽሐፉ ሱቅም ነው። ይህን መደበቅ አይገባም። ደራሲው የሚያወዳድራቸው ጠመንጃዎች የራሱና የተፎካካሪዎቹ ናቸው፤ የራሱ መዝጊያ፣ የራሱ መዶሻ አልባ መሣሪያ፣ የራሱ ቡርቦራ በየምዕራፉ ከፍ ብለው ይታያሉ። አባቱ ዊልያም ግሪነርም የጠመንጃ መጻሕፍት ደራሲ ነበር፤ ከኋላ የሚጎረሰውን ጠመንጃ አጥብቆ ሲቃወም ኖሮ ነው የሞተው። ልጁ ከአባቱ ተለይቶ አዲሱን መንገድ መረጠ፤ ድፍረቱ ይደነቃል። ነገር ግን ከአባቱ የወረሰው አንድ ነገር አለ፤ የክርክር ጥማት። አንዳንድ ገጽ ላይ አንባቢውን ትቶ ከተፎካካሪ ጋር ይጣላል። እነዚያን ገጾች ሳይቆጩ መዝለል ይቻላል።

ስለ በርሜል ብረት የጻፈው ግን አይዘለልም። ብረትና ፎላድ ተጠማዞ፣ ተጠቅልሎ፣ በእሳት ተበይዶ የሚሠራው የደማስቆ በርሜል በውበቱ የታወቀ ነው፤ በላዩ የሚታየው ጉርጉር የሥራው ምስክር ነው። የበርሚንግሃም መፈተሻ ቤት ልዩ ልዩ የበርሜል ዓይነቶችን እስኪፈነዱ ድረስ የፈተነበትን ሙከራ ግሪነር በዝርዝር ያቀርባል፤ በመሣሪያ የተቀጠቀጠው የእንግሊዝ ድርብርብ ፎላድ በርሜል ቀዳሚ ሆኖ ወጣ። ይህ ውጤት የደማስቆ ዓይነት በርሜል ሁሉ ደካማ ነው የሚለውን ወሬ ያርማል። ተገልብጦ ሲነበብ ግን ጉዳት ያመጣል። ያ ፈተና የተደረገው በአዲስና በጤናማ በርሜል ነው። ዛሬ በአንድ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው በርሜል መቶ ዓመት እርጥበት፣ ዝገትና የጥቁር ባሩድ ጥላሸት ያለፈበት ነው። ዝገቱ የሚበላው ብረቱ የተበየደበትን መሥመር ተከትሎ ሊሆን ስለሚችል ከውጭ አይታይም። የጥንቱ ካርቱሽ ቤትም ብዙ ጊዜ 65 ሚሊሜትር ነው፤ የዛሬው ካርቱሽ 70 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ነው። የረዘመው ካርቱሽ አፉ ሲከፈት ወደ ጠባቡ ገብቶ ግፊቱን ያንራል። በደማስቆ በርሜል ላይ ዘመናዊ ካርቱሽ ለመተኮስ የግሪነርን ሰንጠረዥ ማስረጃ አድርጎ የሚያቀርብ ሰው ጣቱንና ዓይኑን ለአደጋ እየሰጠ ነው።

የአሮጌ ጠመንጃ ቾክስ? እዚህ መጽሐፉ ከሁሉ ይልቅ ያጥርብኛል፤ ግሪነር የሚያወራው ከፋብሪካ ስለወጣ በርሜል ነው። አሮጌ በርሜል ግን ታሪክ አለው። ቾኩ ያለው በአፈሙዙ ጫፍ ስለሆነ አንድ ባለቤት ለአያያዝ እንዲቀልለው ወይም የተጎዳውን ጫፍ ለማስተካከል አምስት ስድስት ሴንቲሜትር ቢቆርጠው ቾኩ አብሮ ይሄዳል። ምልክቱ ላይ «ቾክ» የሚል ተጽፎ በርሜሉ ሲሊንደር የሆነ ጠመንጃ የሚገኘው እንዲህ ነው። ሌላው ዝገቱን ለማጥራት ውስጡ ተሞርዶ ልኩ ተለውጧል። አፈሙዙ ወድቆ የጎደጎደ፣ አንዱ ጎኑ የተጨፈለቀ በርሜልም አለ፤ ብትኑን ወደ አንድ ወገን ይጥላል። ከአፈሙዙ ትንሽ ወደ ኋላ ውስጡን በማስፋት ጥበት የሚያስገኝ ሠሪም ነበር፤ ይህ በአሮጌ በርሜል ላይ ሲደረግ የብረቱን ውፍረት ይቀንሳል። እነዚህን ሁሉ አንድ ምልክት አይናገራቸውም። የሚናገራቸው መለኪያና ወረቀት ነው፤ የዚህ ዘዴ አባት ደግሞ ራሱ ግሪነር ነው። መጽሐፉ ያልጻፈውን ምዕራፍ በመጽሐፉ ዘዴ መጻፍ ይቻላል ማለት ነው፤ ለዚህም ነው ጉድለቱን እያየሁ መጽሐፉን የማልጥለው።

እርሳሱም ይለወጣል። ለስላሳ እርሳስ በርሜሉን ሲታከክ ይጠፈጠፋል፤ የተጠፈጠፈ ፍሬ ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ ከብትኑ ይወጣል። ጠንካራ እርሳስ ስለዚህ በዚያው በርሜል የተሻለ ቁጥር ይሰጣል። በባሩዱና በፍሬው መካከል ያለው ውታፍ ልክ ካልሆነ ጋዙ ሾልኮ ፍሬውን ይበትናል፤ ብትኑ መሃሉ ባዶ ሊሆን ይችላል። ዛሬ በአንዳንድ አገር በእርሳስ ፋንታ የብረት ፍሬ ይሸጣል፤ ብረት ስለማይጠፈጠፍ በአሮጌ ሙሉ ቾክ ማሳለፍ በርሜሉን ይጎዳል። በአንድ በርሜል ላይ ካርቱሹ ሲለወጥ ቾኩም እንደተለወጠ መቁጠር ይገባል፤ ግሪነር ይህን ግንኙነት በሙከራ ካሳዩት ቀደምት ሰዎች አንዱ ነው፤ በዚህ ክፍል የሚነቀፍ ነገር አላገኘሁበትም።

ብያኔዬ ይህ ነው። «ጠመንጃና ዕድገቱ» ስለ አፈሙዝ ጥበት የተጻፈ ከሁሉ የተሟላ መጽሐፍ አይደለም፤ ያን ማዕርግ የምሰጠው ለቡራርድ ነው። በዘዴው ግን ቀዳሚ ነው፤ ዘዴው ዛሬም አልተሻረም። የቾክን ልደትና የ1875ቱን ፈተና የሚተርኩት ክፍሎች፣ ስለ በርሜል ብረትና ስለ እርሳስ ጥንካሬ የጻፈው፣ ሁሉም በጥሞና ሊነበቡ ይገባል። ጠባቡን አፈሙዝ የሚያወድሱትን ገጾች አንባቢው የሚያድንበትን ሜዳ በልቡ ይዞ ያንብባቸው፤ ሜዳው እንደ ጀልዴሳ ቁጥቋጦ ከሆነ ፍርዱ ይገለበጣል። በድሬዳዋና በሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች የምሥራቁን መንገድ ታሪክ የሚያጠኑ ወጣቶችም፣ የጦር ጠመንጃው ከተቆጠረበት መዝገብ ጎን የአደን ጠመንጃውን ታሪክ ቢጀምሩ እወዳለሁ። በየቤቱ ያሉት አሮጌ በርሜሎች ምልክታቸው ከመጥፋቱ በፊት ቢነበብ ከየት አገር መጡ፣ በየትኛው ዘመን ተሠሩ የሚለው ይታወቃል።

አሮጌ ባለ ሁለት አፍ ላላችሁም አንድ ቃል። የዱር እንስሳት ሕጉና በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177 የሚጠይቁት ፈቃድ ሳይኖር አደንም ተኩስም የለም፤ መጀመሪያ ፈቃዱ ይሁን። ፈቃዱ ካለ በርሜሉን ልምድ ባለው ባለሙያ አስመርምሩ፤ ደህና ነው ካላችሁ ለዚያ በርሜል ልክ የሆነ ካርቱሽ ፈልጉ። ከዚያ በተፈቀደ የተኩስ ቦታ፣ አንድ ሜትር ከግማሽ ስፋት ባለው ነጭ ወረቀት ላይ፣ ከ20 ሜትርና ከ36 ሜትር ለእያንዳንዱ አፍ ለየብቻ ተኩሱና ፍሬውን ቁጠሩ። ከ36 ሜትር ተተኩሶ በ76 ሴንቲሜትሩ ክብ ውስጥ ከ120 ፍሬ በታች ከገባ፣ በዚያ አፍ ከ25 ሜትር ርቆ ያለ ወፍ ላይ አትተኩሱ።